እህል የሌለው መጋዘን

የቤት ሠሪዎች ማኅበሩ ውል ላይ የፈረምኩ ዕለት ባለቤቴ እልል ልትል ስትል አፏን በእጄ ያዝኩት። ጎረቤት እንዳይሰማ ብዬ ነው። የምንኖረው ተክለ ሃይማኖት፣ ቀበሌ በሰጠን አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር፤ እሷ፣ እናቷ፣ ሦስት ልጆቻችንና እኔ። ግድግዳው ስስ ከመሆኑ የተነሳ ጎረቤት ሲያስነጥስ "ይማርህ" የምንለው እኛ ነን።

"ምን ሆነሃል? ደስ አይልህም እንዴ?" አለችኝ እጄን ከአፏ ላይ አንስታ።

"ብሎኛል" አልኳት። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታው የቆየው አሥራ አንድ ቀን ነው።

አብዮቱ ከፈነዳ ስድስት ሰባት ዓመት ሆኖታል። እንደ ድሮው ቤት ገዝቶ መግባት የሚባል ነገር ቀርቷል። ትርፍ ቤት ተወርሷል፣ መሬቱም የመንግሥት ነው። ቤት ያማረው ሰው በማኅበር ይደራጃል፣ ቦታ ይመራል፣ ከባንክ ይበደራል፣ ድንጋዩን ደግሞ እሑድ እሑድ ራሱ ይሸከማል። እኛ ሃያ አራት ሆነን ተደራጀንና ኮተቤ ቦታ ተሰጠን። ዕጣ ሲወጣ ሰባተኛው ቤት ለእኔ ደረሰ። ቤት ስላችሁ ያው ሣር ነው፤ በአራት ችካልና በሲባጎ የተከበበ ሣር። ባለቤቴ መሃሉ ላይ ቆማ "እዚህ ጋ ሳሎን" ስትል እናቷ "ጭቃ ይዘሽ እንዳትገቢ" አለቻት፤ ሁላችንም ሳቅን።

የማኅበሩ ደንብ ግን አያስቅም። እያንዳንዱ አባል በየስድስት ወሩ ከሚሠራበት ቤት "ቋሚ ሠራተኛችን ነው" የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ማምጣት አለበት። ካላመጣ ስሙ ይሰረዝና ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ከሃያ አራታችን ሃያ ሦስቱ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ አስተማሪ፣ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ፣ ቆጣሪ አንባቢ። ለእነሱ ደብዳቤው በምሳ ሰዓት የሚያልቅ ጉዳይ ነው። የግል ነጋዴ ጋ የምሠራው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የምሠራው እህል በረንዳ ነው። ሥራህ ምንድነው ሲሉኝ "እህል ማወቅ" ስል ሰው ይስቃል። ግን ሌላ ስም የለውም። ጆንያውን በሹል ብረት ወግቼ እፍኝ አወጣለሁ፣ መዳፌ ላይ እበትነዋለሁ፣ እፍ እላለሁ፣ ጥቂቱን በፊት ጥርሴ እሰብራለሁ። ከዚያ ይሄ የአዳ ማኛ ነው፣ ይሄ ማኛ መምሰል ያማረው ነጭ ጤፍ ነው፣ ይሄን ዝናብ ነክቶታል፣ እዚህኛው ላይ ሰውዬው የወንዝ አሸዋ ጨምሮበታል፣ እላለሁ። ስናገር ማንም አይከራከረኝም ነበር። ጉራ አይደለም፤ አሸዋ የጨመረው ሰውዬ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ጆንያውን ይጭናል እንጂ አይከራከርም።

ይህን ሙያ ያስተማሩኝ የመጋዘኑ ባለቤት ናቸው። ጋሼ ነበር የምላቸው፤ ዛሬም ሌላ ስም አይመጣልኝም። ከአገሬ መጥቼ ኩንታል ተሸካሚ በሆንኩ በሁለተኛው ወር፣ ከተሸከምኩት ጆንያ የፈሰሰ ጤፍ ስቅም አዩኝ። "ምን አለው?" አሉ። "እርጥበት አለው" አልኩ። ጆንያውን አስፈትተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተቱና መሃሉ መሞቁን አረጋገጡ። ከዚያ ቀን በኋላ ሸክም አልተሸከምኩም። ሃያ ዓመት ከጎናቸው ቆምኩ፤ የዳሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ሽማግሌ ሆነው የባለቤቴ እናት ቤት የሄዱት ከነጋቢያቸው እሳቸው ናቸው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከጎጃም መምጣት የነበረበት ጭነት ቀረ። መንገድ ተበላሽቶ ይሆናል አልን። ሁለተኛውም ቀረ። ነገሩ ሌላ ነበር፤ መንግሥት የእህል ንግዱን ወደ ራሱ ጠቀለለው። ገበሬው ኮታውን ለመንግሥት ያስረክባል፣ ነጋዴው ደግሞ ኬላ ላይ ይያዛል። በሬዲዮ "ስግብግብ ነጋዴ" እየተባለ ሲሰደብ ጋሼ ድምፁን ቀነስ ያደርጉና "እኔን ነው እኮ የሚለው" ይሉኝ ነበር፤ እንደ መሳቅም ይላሉ።

በዙሪያችን ያሉት መጋዘኖች አንድ በአንድ ተዘጉ። ተሸካሚዎቹ ሌላ ጭነት ፍለጋ ወደ መሳለሚያ ሄዱ። የኛ ግን አልተዘጋም። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በመጋዘኑ ውስጥ የቀረው ጥግ ላይ የተቆለለ ጥቂት ጆንያ ቦሎቄና ሽምብራ ነበር። ወለሉ ሰፍቶ ስንነጋገር ድምፃችን ይመለስልን ጀመር።

ጋሼ ግን ሁለት ሰዓት ሲሆን ይመጣሉ። ሦስቱን ቁልፍ ይከፍታሉ፣ ካፖርታቸውን ምስማር ላይ ይሰቅላሉ፣ "እንግዲህ እንጀምር" ይላሉ። ምኑን? እኔ ወለሉን እጠርጋለሁ። እሳቸው ሚዛኑ ላይ መመዘኛ ድንጋዩን አስቀምጠው ልክ መሆኑን ያያሉ። የሚመዘን ነገር የለም፤ ሚዛኑ ግን በየቀኑ ልክ ነው። ከዚያ ሁለት ወንበር አውጥተን በር ላይ እንቀመጣለን። ደመወዜን በወሩ መጨረሻ ያለ ምንም ጉድለት ይሰጡኛል፤ በስድስተኛው ወር ደብዳቤዬን ጽፈው፣ ማኅተሙን በትንፋሻቸው አሙቀው አሳርፈው ሰጡኝ። "ቋሚ ሠራተኛችን ነው" ይላል። እጄን ዘርግቼ ስቀበል ዓይናቸውን አላየሁም።

"መኪናዋስ ጋሼ?" እላቸዋለሁ አንዳንዴ፣ ዝም ከማለት። አንዲት አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነበረቻቸው።

"ጋራዥ ናት። ሞተር ወርዶ ነው።"

"ትቆያለች?"

"ያው ጋራዥ እኮ ነው።"

በዚህ ያልቃል። ሊዘጉ ነው ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ሰው በሃዘን ቤት ተቀምጦ መቼ ነው የምትነሱት ብሎ ይጠይቃል? እሳቸውም አንዳንድ ጊዜ "አንተ ልጅ" ብለው ይጀምሩና፣ ቀና ስል፣ "ዛሬስ ፀሐዩ በረታ" ይላሉ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባል የለ፤ የኛ አፍ በዚያ ዓመት ዝንብ አልገባበትም።

ድንዛዜው የያዘኝ ያኔ ነው። ብፈራ ይሻለኝ ነበር፤ የፈራ ሰው ይሮጣል፣ ያማክራል፣ ስለት ይሳላል። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ምሳ በልቼ ምን በላህ ብትሉኝ አላውቅም። ሁለተኛዋ ልጄ ጥርሷ ወልቆ ስታሳየኝ "ጎሽ" አልኳት አሉ፤ አላስታውስም። የቀበሌ ስብሰባ ላይ "የምትደግፉ" ሲባል እጄ ይወጣል፣ "የምትቃወሙ" ሲባል ይወርዳል፤ ስለምን እንደተወራ እቤት ስደርስ ከባለቤቴ እሰማለሁ። እጄ ከእኔ ቀድሞ የሚሠራ ሆነ። ለነገሩ የአገሩ ሰው ሁሉ እጅ እንደዚያ ነበር።

እቤት ግን አንድ ችግር ነበረብኝ። የእህል ሰው ልብሱ ይመሰክርበታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ማታ ስገባ ካኪ ጋውኔ በጤፍ ብናኝ ነጭ ሆኖ ነው፤ ከተጋባን ወዲህ ደግሞ ባለቤቴ በር ላይ ታስቆመኝና በመዳፏ ትከሻና ጀርባዬን ትመታልኛለች። ጎረቤቱም እያየ "ዛሬስ ቀንቷችኋል" ይላል። አሁን ጋውኔ ንጹህ ሆነ። ንጹህ ጋውን ለብሶ መግባት ሥራ ፈታሁ ብሎ በአዋጅ ከመናገር አይተናነስም። ስለዚህ ልወጣ ስል የጠረግሁትን ጥራጊ በእፍኜ አነሳና ትከሻዬ ላይ አደርገዋለሁ። ትንሽ ደረቴ ላይ፣ ትንሽ ፀጉሬ ላይ። ጋሼ ያያሉ፤ ዞር ብለው ቁልፉን ይቆልፋሉ።

በኋላ ጥራጊውም አለቀ። ባዶ ወለል በቀን ሁለት ጊዜ ሲጠረግ ምን ይወጣዋል? አንድ ቀን መቼስ ባዶዬን አልገባም ብዬ በበርበሬ ተራ በኩል ዞርኩና የተደረደረው ጆንያ ላይ ጀርባዬን አሻሸሁ። እቤት ስደርስ ባለቤቴ እንደ ልማዷ ትከሻዬን መታ ስታደርግ ማስነጠስ ጀመረች። እናቷ አስነጠሰች። ልጆቹ አስነጠሱ። ጎረቤት በግድግዳው በኩል "ይማራችሁ" አለ።

"አንተ ሰውዬ፣ ከመቼ ወዲህ ነው በርበሬ የምትነግደው?" አለችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ፣ እንባው ግን አልቆመም። ጋውኔን አውልቃ እጇ ላይ ጠቅልላ ያዘችው።

"የጤፍ ብናኝና የወለል አፈር የማልለይ መስሎህ ነው? ይሄን ልብስ አሥራ አራት ዓመት ያራገፍኩት እኔ አይደለሁም?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተ ዝም ስላልክ።"

ልጆቹ እስኪተኙ ጠበቀችና ሹክ እያለች ጠየቀችኝ። እህል አለ? የለም። ሊዘጉ ነው? አላውቅም። ለምን አትጠይቃቸውም? እንዴት አድርጌ። "እንዴት አድርጌ ማለት ምንድነው? በአፍህ ነዋ!" አለች፤ ከዚያ ደግሞ እሷም ብትሆን እንደማትጠይቃቸው ታውቀዋለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ቤቱ ብቻ አይሂድብን። ሌላውን እችለዋለሁ" አለችኝ። ያንን ስትል ማቀፍ ነበረብኝ። "እሺ" ብዬ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ በር ተከፈተ፤ ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይሄ ነው። ሰኔ ውስጥ አንድ እሑድ ኮተቤ ድንጋይ ስናመላልስ ከማኅበሩ አባላት አንዱ ጠራኝ። የመንግሥት እህል መጋዘን ውስጥ የሠራተኛ ጉዳይ የሚያይ ሰው ነው። ቃሬዛውን አስቀምጠን ላባችንን እየጠረግን አጫወተኝ።

"እኛ ጋ እህል የሚለይ የለም" አለኝ። "የሚረከቡት ልጆች ወረቀት ነው የሚያነቡት። እርጥብ ተቀብለው ስንት ጆንያ ነቀዘብን። አንድ ባለሙያ ቅጠሩ ተብሏል፣ እኔም አንተን አስቤአለሁ።"

"ቋሚ ነው?"

"ቋሚ ነዋ! የመንግሥት እኮ ነው። መልቀቂያህን ብቻ ይዘህ እስከ ወሩ መጨረሻ ና። ያለ መልቀቂያ መዝገብ ቤት አይቀበልህም።"

መልቀቂያ ማለት ጋሼ "ከእኛ ጋር በሰላም ተለያይቷል" ብለው ጽፈው የሚሰጡኝ ወረቀት ነው። ሌላ ምንም አያስፈልግም፤ አንዲት ወረቀት። ለባለቤቴ ስነግራት ተነስታ ቆመች፤ "በል ነገ" አለችኝ።

ወሩ ሊያልቅ አሥራ ስድስት ቀን ነበረው። ሰኞ ንግግሬን በመንገድ ላይ አዘጋጅቼ ገባሁ። ጋሼ ምሳ ለሁለት አስቋጥረው መጥተዋል፤ ተበላ፣ ሳልናገር ቀረሁ። ማክሰኞ ጉንፋን ይዟቸው ነበር፤ ለታመመ ሰው እንዴት ይባላል። ረቡዕ አንድ የተዘጋ መጋዘን ባለቤት ሰላም ሊለን መጣና "እርስዎስ እስካሁን ምን ያደርጋሉ?" ሲላቸው "ምን ላድርግ፣ ሠራተኛ አለኝ እኮ" አሉት በኩራት። ሐሙስ ጭራሽ ደስ ብሏቸው ዋሉ። እንደዚህ እያለ ቀኑ ሄደ። ሲሞላላቸው አብሬ በልቼ፣ ሲጎድልባቸው ጥያቸው ልሂድ? እህል በረንዳ ምን ይላል? የእኔ ሆድስ ምን ይላል? ሃያ ዓመት ያበላ እጅ ላይ ወረቀት አስጽፎ መውጣት ቀላል የመሰለው ሰው ካለ ይሞክረው።

በመጨረሻው ዓርብ ባለቤቴ በር ድረስ ሸኘችኝ። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። "ጋሼ" አልኩ። "አቤት" አሉ። ዓይናቸው ላይ የሆነ ነገር አየሁ፤ ፍርሃት መሰለኝ። እንድሄድባቸው ፈርተው ነው አልኩ በልቤ። "ሚዛኑን ላየው?" አልኳቸው። "እየው ልጄ" አሉኝ። ሚዛኑ ልክ ነበር።

እቤት ስገባ ባለቤቴ ፊቴን አየችና እራት ሰጠችኝ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኔ የቀረብኝ ደጃዝማችነት ቢሆን ምን ነበረበት።

ሐምሌ ገባ። የንግድ ፈቃድ የሚታደስበት ወር ነው። አንድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ጋሼ አልመጡም። ሦስት ሰዓት ላይ ባለቤታቸው እትዬ ቁልፎቹን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ብቻቸውን መጡ። ሃያ ዓመት ሙሉ መጋዘኑን ረግጠውት አያውቁም። ከፍተን ገባን። ጋሼ ሌሊት ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ሆስፒታል ገብተዋል። እትዬ ይህን ነገሩኝና ባዶውን ወለል፣ ጣሪያውን፣ ሚዛኑን ተራ በተራ አዩ። የጋሼ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"ዝጉት ብዬ ያልለመንኩበት ቀን የለም" አሉኝ። "መኪናዋን ከሸጡ ዓመት አልፏቸዋል። የተወረሰውን መጋዘን ኪራይ፣ የፈቃዱን፣ ያንተን፣ ሁሉንም ከእሷ ነው ሲከፍሉ የነበረው። 'ምን ይዞን ነው የምንከፍተው?' ስላቸው 'ልጁ ቤት ጀምሯል፤ እኔ ከዘጋሁ ማን ማኅተም ያደርግለታል?' ይሉኛል። እግዜር ያሳይህ፣ ባዶ ቤት ለማኅተም ብለው ሲከፍቱ!"

ቆሜ ነበር። የሚዛኑን ጠርዝ ይዤዋለሁ።

"አንተ ደግሞ እሳቸውን ብለህ ነው የቆየኸው አይደል?" አሉኝ እትዬ። "ታውቆኛል። እኔ ሴትዮዋ እቤቴ ቁጭ ብዬ የታወቀኝን፣ እናንተ ሁለት ወንዶች ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ሳታውቁት ቀራችሁ።" ከደረታቸው ፖስታ አወጡ። "ይሄን ስጪው ብለውኛል፤ አንደበታቸው እንደ መተሳሰር ብሏል፣ ይሄን ግን ደጋግመው ነው ያሉት።"

መልቀቂያ ነበር። በጋሼ እጅ የተጻፈ፣ "ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ታማኝ" የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት። ቀኑን አየሁ። ከተጻፈ አሥር ወር ሆኖታል።

"አሥር ወር ኪሳቸው ውስጥ ነበር" አሉ እትዬ። "ይሻልሃል፣ የመንግሥት ሥራ ፈልግ ሊሉህ ፈልገው ነው የጻፉት። ግን አንተ ካልጠየቅካቸው እንዴት ይስጡህ? አባረሩኝ ብትልስ? 'ይጠይቀኝና እሰጠዋለሁ' እያሉ ነው የጠበቁህ።"

በዚያ ዓርብ ዓይናቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት አልነበረም። ተስፋ ነበር። ይሄ የገባኝ ወረቀቱን ይዤ ወደ መንግሥት መጋዘን ስሄድ መንገድ ላይ ነው። የማኅበራችን ሰው አየኝና ገና ከሩቅ ራሱን ነቀነቀ። "ሃያ ቀን ቀድመህ ብትመጣ ምናለ? ጠብቄህ ጠብቄህ ሌላ ሰው ቀጠሩ" አለኝ። መልቀቂያዬን አነበበና ቀኑን ሲያይ "ይሄ እኮ መስከረም ላይ የተጻፈ ነው!" አለ። "አዎ" አልኩት። ምን ብዬ ላስረዳው?

ፈቃዱ ሳይታደስ ቀረ፤ መጋዘኑ ታሸገ። በነሐሴ የማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ኮተቤ፣ የመሠረቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ተደረገ። ሊቀመንበሩ ደግ ሰው ነው፤ እያፈረ ነው ያነበበው። የቤት ቁጥር ሰባት አባል የሥራ ማረጋገጫ ስላላቀረቡ ስማቸው ይሰረዝ፣ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጥ። ባለቤቴ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች። "ይህን የውሳኔ ሐሳብ የምትደግፉ" አለ።

እጆች ወጡ። የእኔም ወጣ።

ሊቀመንበሩ ብዕሩን ይዞ ቀረ። "ጓድ፣ እርስዎም?" አለኝ። ቀና ብዬ ሳይ እጄ እላይ ነው። ማውረድ ነበረብኝ፣ አላወረድኩትም፤ ማን እንዳወጣውም አላውቅም። የሳቀ የለም። "በሙሉ ድምፅ" ብሎ ጻፈ። ባለቤቴ ወደ እኔ መጥታ ክንዴን ያዘችና ዝቅ አደረገችልኝ፤ መንገድ እስክንወጣም አልለቀቀችውም። ትናደድብኛለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አውቶቡስ ስንጠብቅ ብቻ "ሁለት መስኮት አስቤ ነበር፣ በምሥራቅ በኩል" አለች። እኔ አሁንም ምንም አልተሰማኝም። አውቶቡሱ መጣ፣ ተሳፈርን።

መስከረም ላይ መሳለሚያ ወርጄ ጆንያ መሸከም ጀመርኩ። ከሃያ ዓመት በኋላ ትከሻ ሸክም ይረሳል፤ የመጀመሪያውን ሳምንት በሆዴ ነው የተኛሁት። የተሸከምኩት ሁሉ ምን እንደሆነ በጀርባዬ አውቀው ነበር፤ ማንም ግን አልጠየቀኝም።

ጋሼ ከሆስፒታል ወጥተው እቤታቸው መተኛታቸውን ስንሰማ ከባለቤቴ ጋር ሄድን። መንገድ ላይ "ስለ ቤቱ ቢጠይቁህስ?" አለችኝ። "እነግራቸዋለሁ። በቃ፣ ዝምታ ይብቃኝ፤ ከእንግዲህ እውነቱን ነው" አልኳት። ምያለሁ ማለት ይቻላል።

ጋሼ አልጋቸው ላይ ከሰው በታች ሆነው አገኘኋቸው። እንደገባን በደህናው እጃቸው እጄን ያዙ። አፋቸው ወደ አንድ በኩል ዘንበል ብሏል፣ ንግግራቸው ግን ይሰማል። ሰላምታ ሳይጨርሱ ነው የጠየቁኝ።

"ቤቱስ?"

እትዬ ወለል ወለሉን አዩ። ቦታው መሄዱን ሰምተዋል ማለት ነው። እሳቸውም ለጋሼ አልነገሯቸውም።

"ጣሪያው ቆርቆሮ ገባለት ጋሼ" አልኳቸው።

"ገባ?"

"ገባ። ባለፈው ሳምንት።"

"ስንት ክፍል?"

"ሦስት። ሳሎኑ ሰፊ ነው። ለእናቷ ለብቻዋ ክፍል ሰጥተናታል፣ ልጆቹ ደግሞ በአንድ ናቸው።" አፌ አልቆም አለ። ዓመት ሙሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ያቃተው አፍ በሩን ሠራ፣ ደረጃውን ሠራ፣ ወለሉን ሲሚንቶ አፈሰሰበት። ስናገር አየሁት፤ እዚያ የቆመ ቤት አየሁ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የመጣብኝ፤ ዓመት ሙሉ ደርቆ የከረመ ዓይኔ እንባ ሞላና አንገቴን ደፋሁ።

ባለቤቴ ቀበል አደረገችኝ። "መስኮቱ ሁለት ነው ጋሼ፣ በምሥራቅ በኩል። ጠዋት ፀሐይ ይገባል። ጓሮው ላይ ጌሾ ተክያለሁ" አለቻቸው።

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደህናው የአፋቸው ጠርዝ ፈገግ አለ። "ወልዳችሁ ሳሙበት። የበረከት ቤት ያድርግላችሁ" አሉ።

"አሜን" አልን ሁለታችንም። እትዬም አሜን አሉ።

ጋሼ እጄን ጨመቅ አደረጉኝ። "ሁሉም ሲዘጋ፣ ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ" አሉ፤ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "እንኳንም አልዘጋሁ።"

"እንኳንም አልዘጉ ጋሼ" አልኳቸው።